ሌዘሩ ወረፋውን ይጠብቅ

እዚህ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የሐበሻ ሴቶች ቡና ላይ ከተሰበሰብን ወሬው ዞሮ ዞሮ ፊት ላይ ማረፉ አይቀርም። «ሌዘር ተሠራሁ» የምትል አትጠፋም፤ ወዲያው «ስንት አስከፈሉሽ?» ይባላል። «ጠባሳሽ ምን ዓይነት ነበር?» የምትል ግን ገጥማኝ አታውቅም። የኔ የብጉር ጠባሳ ነገር ሁሉ የተወሰነው በዚህች ጥያቄ ነው።

የቆዳ ሐኪሜ መጀመሪያ ያደረገችው የጣሪያውን መብራት ማጥፋት ነው። መስታወት አስያዘችኝና በአንዲት ትንሽ መብራት ከጎን አበራችብኝ። ፊት ለፊት ሲያዩት ደህና የሚመስለው ጉንጬ ጥላ ብቻ ሆነ። ከዚያ በእስክሪብቶ ምልክት ታደርግ ጀመር። በመርፌ የተወጋ የሚመስሉት ጠባብና ጥልቅ ጉድጓዶች ነጥብ ተደረገባቸው፤ ቆዳው ከሥር ተይዞ ወደ ውስጥ የተጎተተባቸው ሰፋፊ ስርጉዶች ደግሞ ተከበቡ። «ሌዘር ከላይ ነው የሚሠራው፤ ያንቺ ችግር ግማሹ ከሥር ነው» አለችኝ።

ስለዚህ በሰብሲዥን ተጀመረ። ኖርማንና ዴቪድ ኦሬንትራይክ የሚባሉ ኒውዮርካውያን አባትና ልጅ በ1995 የጻፉበት ዘዴ ነው፦ ጫፉ ስለታም የሆነ መርፌ ከቆዳው ሥር ገብቶ ጠባሳውን የያዘውን ጅማት መሳይ ነገር ይቆርጣል። በማደንዘዣው ምክንያት ሕመም የለውም፤ ድምፁ ግን አለ። ቅርጭ፣ ቅርጭ ይላል፣ ያውም ከጆሮ ሥር። በማግስቱ ጉንጬ በልዞ አበጠ። እናቴ በቪዲዮ ደውላ ስታየኝ «ማነው የመታሽ? አትደብቂኝ!» አለች። ከፍዬ ያሠራሁት ነው ስላት ይባስ ብሎ «ከፍለሽ ተመታሽ?» ብላ አዘነች።

ነጥብ ለተደረገባቸው ጉድጓዶች ሌላ ቀን ቲሲኤ የሚባለው አሲድ መጣ። ስስ እንጨት ጫፉን ነክራ ጉድጓዱ ውስጥ ብቻ ትነካለች፤ ወዲያው አመዳይ እንደመታው ነጭ ይላል፣ ያቃጥላል፣ ከዚያ ይቀርፋል። አሲዱ በጣም የጠነከረ ስለሆነ ቤት የሚሞከር ነገር አይደለም። በኢንተርኔት እያዘዛችሁ ያላችሁ፣ እባካችሁ ተዉት። ቁስሉ ከሻረ በኋላ ቆዳውን በጥቃቅን መርፌዎች የሚወጋው ማይክሮኒድሊንግ ተከተለ፤ በየመካከሉ ከአንድ ወር በላይ እረፍት ነበረው። ቆዳ ኮላጅን የሚባለውን ደጋፊ ፕሮቲኑን እንደ አዲስ የሚሠራው በወራት ነውና መቸኮል ገንዘብ ማባከን ነው። ገንዘቡም ከኪሴ ነው፤ ኢንሹራንሴ የብጉሩን መድኃኒት ቢከፍልም ጠባሳውን «ለውበት ነው» ብሎ አልነካውም።

ከራስ ደም ተለይቶ ከመርፌው ጋር የሚቀባውን ፒአርፒ አልፈለግሁም። ለዋጋው የሚጨምረው ነገር ብዙ አልመሰለኝም። ለምትፈልጉ ግን፣ ቢያንስ ክሊኒክ ሂዱ። ኒው ሜክሲኮ ውስጥ ፈቃድ በሌለው ስፓ ይህንኑ ያሠሩ ሴቶች ኤችአይቪ እንደያዛቸው የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል በ2024 አሳውቋል።

ሌዘር ለኋላ የቆየበት ሌላው ምክንያት መልካችን ነው። እንደኛ ጠይም ቆዳ ሲቆጣ ይጠቁራል፤ ሙቀት ሲበዛበት ጉድጓዱ ሞልቶ በምትኩ ጥቁር ነጥብ ለወራት ሊቀመጥ ይችላል። አሲዱ እንኳ ሁለት ቦታ አጥቁሮኝ ነበር። ለዚህ ሐኪሜ ያዘዘችልኝ የፀሐይ መከላከያ ቀለም ያለውና አይረን ኦክሳይድ የተጨመረበት ነው፤ ነጩ ክሬም የማያግደውን ዓይን የሚያየውን ብርሃንም ይቀንሳል፣ ፊትንም አመድ አያስመስልም። የሚያነጡ የስቴሮይድ ቅባቶችን ግን ገና ከመጀመሪያው ነው የከለከለችኝ፤ ራሳቸው ብጉር ያመጣሉ።

አሁን የከበበቻቸው ስርጉዶች ከግማሽ በላይ ተነሥተዋል። ጥልቆቹ ጠበቡ እንጂ አልጠፉም፤ እንደሚጠፉም ቃል የገባልኝ የለም። ግንባሬ ላይ ያሉት ጥቂቶች ገና አልተነኩም። ሌዘሩን በክረምት፣ ፀሐዩ ሲቀዘቅዝ፣ መጀመሪያ ከጆሮዬ አጠገብ ትንሽ ቦታ ላይ እንሞክረዋለን። ካጠቆረኝ ይቀራል።