ካውቦዩና ገበሬው

የምሠራበት የባህል ማዕከል በዓመት አንድ ጊዜ አንድ ርዕሰ ጉዳይ መርጦ የፊልም መርሐ ግብር ያዘጋጃል። ያን ዓመት የተመረጠው «የወጣት ትውልድን የገለጹ ፊልሞች» የሚል ነበር፤ ዝርዝሩን አዘጋጅቶ ለኮሚቴው የማቅረቡ ሥራም ለእኔ ተሰጠኝ። የውጭዎቹ ብዙ አላከራከሩም። እ.ኤ.አ. በ1955 የወጣው ጄምስ ዲን የተወነበት «ሪበል ዊዝአውት ኤ ኮዝ»፣ የፍራንሷ ትሩፎ የ1959ኙ የመጀመሪያ ረጅም ፊልም፣ እንዲሁም በፓሪስ ዳርቻ የሚኖሩ የሦስት ጓደኛሞችን አንድ ቀን የሚተርከው የማትዩ ካሶቪትዝ የ1995ቱ «ላ ኤን» ያለ ጥያቄ አለፉ። ክርክሩ የተነሣው በአራተኛው፣ በኃይሌ ገሪማ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» ላይ ነው።

የክፍል ኃላፊያችን መጀመሪያ የጠየቀኝ «ወጣቱ የት አለ?» ብሎ ነበር። ጥያቄው ተገቢ ነው። ፊልሙ በባለርስት መሬት ላይ የሚለፋ የአንድ ጭሰኛ ቤተሰብ ታሪክ ነው፤ ሰልፍ የወጣ ተማሪ አይታይበትም፤ ዩኒቨርሲቲም የለበትም። ኃላፊው በአብዮቱ ዘመን ወጣት ስለነበረው ስለ ያ ትውልድ ፊልም ከተፈለገ እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣውን የዚያኑ ዳይሬክተር «ጤዛ» እንድተካው ሐሳብ አቀረበ፤ እዚያ ውስጥ ተማሪው፣ ክርክሩ፣ ስደቱ፣ ሽብሩ ሁሉ አለና። «ጤዛ»ን እጅግ እወደዋለሁ። ነገር ግን በስድሳዎቹ ዕድሜ ላይ የደረሰ ሰው ወደ ኋላ ዞሮ ወጣትነቱን የመረመረበት ፊልም ነው። ትሩፎም ሆነ ካሶቪትዝ ፊልሞቻቸውን ሲያወጡ ገና 27 ዓመታቸው ነበር፤ በእነርሱ መለኪያ የሚሄድልን ኃይሌ ሠላሳ ሳይሞላው፣ ገና በአሜሪካ የፊልም ተማሪ ሳለ፣ ዘውዱ ወድቆ ሁሉም ነገር በሚናወጥበት ወቅት አገሩ ገብቶ በሁለት ሳምንት ውስጥ በ16 ሚሊ ሜትር ጥቁርና ነጭ የቀረጸው ነው ብዬ ተከራከርኩ። ወጣቱ በፊልሙ ውስጥ የማይታየው ካሜራውን የያዘው እርሱ ስለሆነ ነው። በ1957 ዓ.ም. «መሬት ለአራሹ» ብሎ አደባባይ የወጣው ተማሪ ስለ ራሱ አልጮኸም፤ የሚገልጸው ፊልምም ስለ ራሱ ሊሆን አይችልም። ይህን በጽሑፍም አቅርቤው ስለነበር ኃላፊው ያዘነበለ መሰለኝ።

በኮሚቴው ውስጥ ከጡረታ በኋላ በአማካሪነት የሚቀመጡ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ሰው አሉ። እስከዚያ ድረስ አንድ ቃል አልተናገሩም ነበር።

«ልጄ፣» አሉኝ፤ «የዚያ ዘመን ወጣት እዚህ የተቀመጥኩት እኔ ነኝ። ሲኒማ ራስ ተጋፍተን የምንገባው የካውቦይና የህንድ ፊልም ለማየት ነው። አረማመዳችንን ሳይቀር የተማርነው ከካውቦዩ ነው። አንቺ የምትዪውን ፊልም በወጣትነቴ በዓይኔ አላየሁትም። ያላየሁት ፊልም እንዴት አድርጎ እኔን ይገልጸኛል?»

ክፍሉ ጸጥ አለ። ባለጉዳዩ ራሱ ቀርቦ ሲመሰክር መጽሐፍ ጠቅሶ መከራከር ይከብዳል፤ ደግሞም የተናገሩት እውነት ነበር። «ላ ኤን» በወጣበት ዓመት የፈረንሳይ ወጣት አይቶታል፤ ጠቅላይ ሚኒስትሩ አለን ዡፔ ሳይቀሩ ሚኒስትሮቻቸውን ሰብስበው እንዲያዩት አድርገዋል። የእኛው ፊልም እንዲህ ያለ ዕድል አልገጠመውም። ቢሆንም አንድ ትውልድ በቅዳሜ ከሰዓት የተዝናናበት ነገርና ሕይወቱን የሰጠበት ነገር በአንድ ሚዛን ሲቀመጡ ዝም ማለት አልቻልኩም።

«ጋሼ፣ በ67 በዕድገት በኅብረት የዘመቱት የት ነበር?» አልኳቸው።

«ወለጋ።»

«እዚያ ምን ሠሩ?»

ትንሽ ቆዩና «የመሬት አዋጁ ሲታወጅ ለገበሬው አነበብንለት። ማኅበር አደራጀን» አሉ።

«ታዲያ ወለጋ ያደረሰዎት ከካውቦዩ የተማሩት አረማመድ ነው?»

መልስ አልሰጡኝም። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ፤ ኃላፊው ሰዓቱን አይቶ ወደሚቀጥለው አጀንዳ አለፈ። ከስብሰባው በኋላ አንድ ባልደረባዬ ለታላቅ ሰው እንዲህ አይባልም ብላ ገሠጸችኝ። አባባሌ ሻካራ ነበር ብትል እቀበላታለሁ፤ ጥያቄው ግን መጠየቅ ነበረበት፣ ዛሬም እጠይቀዋለሁ። በዕድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ገጠር የተላኩት ተማሪዎችና መምህራን 60 ሺህ ገደማ ነበሩ። ከእነርሱ ብዙዎቹ ከሁለትና ከሦስት ዓመት በኋላ በቀይ ሽብር አልቀዋል። ስለዚያ ትውልድ ሲነገር ሱሪውና ጸጉሩ ብቻ እንዲተርፍ አልፈልግም።

ፊልሙ ከዝርዝሩ አልወጣም፤ ነገር ግን ሌሎቹ ቅዳሜ ማታ በትልቁ አዳራሽ ሲታዩ እርሱ አርብ በ8 ሰዓት ወደ ትንሹ ክፍል ተዛወረ። በመግለጫው ወረቀት ላይም «ታሪካዊ ፊልም» ተብሎ ተጻፈ፤ ማን እንዳስጻፈው ጠይቄ እስካሁን መልስ አላገኘሁም። በዕለቱ ክፍሉ ሞልቶ ነበር። ሁለት ሰዓት ተኩል ለሚፈጅ፣ በሬ ሲጠመድና ሰው ዳገት ሲወጣ ዝም ብሎ ለሚመለከት ፊልም ግን ሁሉም አልታገሠም፤ መብራት ሲበራ ግማሹ ወንበር ባዶ ነበር። ጋሼ ከኋላ ረድፍ ተቀምጠዋል። መምጣታቸውን አላየሁም።

በውይይቱ ላይ አንድ የኮሌጅ ተማሪ ካሜራው ለምን ያን ያህል ርቆና ያን ያህል ረዝሞ እንደሚቆይ ጠየቀ። ስለ ቀረጻ ስልት የተዘጋጀሁበትን ልመልስ ስል ጋሼ ከኋላ ተነሡና፣ ከዘመቻ ጣቢያቸው እስከ መጀመሪያው ገበሬ ማኅበር ግማሽ ቀን በእግር ይሄዱ እንደነበር፣ በዚያ መንገድ ላይ ከሩቅ የሚያዩት ሰው አጠገቡ እስኪደርሱ ያርስ የነበረውን ትልም ጨርሶ እንደሚጠብቃቸው አስረዱ። ልጁ ቀጥሎ የጠየቀው ስለ ፊልሙ ሳይሆን ስለ ወለጋ ነበር፤ ጥበቃው በር ሊዘጋ እስኪመጣ ድረስም ተወያዩ።

ሰኞ ኃላፊው ግማሹ ተመልካች እንደወጣ በሪፖርቱ እንዲገባ አዘዘ። አስገባሁት፤ የቀረው ግማሽ እስከ ምሽት እንደቆየም በሚቀጥለው መስመር ጻፍኩ። ለመጪው ዓመት ፊልሙ ቅዳሜ በትልቁ አዳራሽ እንዲታይና ጋሼ እንዲያስተዋውቁት ጥያቄ አቅርቤያለሁ። ጋሼ የተስማሙት በዚያው ዕለት፣ ከእርሱ አስቀድሞ፣ አንድ የካውቦይ ፊልም እንዲታይ ነው። ቅደም ተከተሉን አሁንም አላምንበትም፤ ይሁንና በቅጹ ላይ እንዳሉት ሞልቼዋለሁ።