«ማን ሞተ?»

ለእማዬ 3 ወር ሙሉ አልነገርኳትም።

ጡቴ ላይ ያገኘሁት እብጠት ካንሰር ነው የተባልኩ ቀን፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ቤቴ እስክደርስ በአእምሮዬ የሚመላለሰው «እማዬ እንዳትሰማ» የሚለው ብቻ ነበር። እሷ ደሴ፣ እኔ ሜሪላንድ። እኛ ዘንድ ክፉ ወሬ በስልክ አይነገርም። መርዶ እንኳ ዘመድ ተሰብስቦ፣ በማለዳ ቤት ድረስ ተሄዶ ነው።

ኬሞው፣ ማለትም የካንሰሩ መድኃኒት፣ ሰኔ መጨረሻ ላይ ተጀመረ። በየ2 ሳምንቱ፣ 4 ዙር። አንደኛው መድኃኒት ዶክሶሩቢሲን ይባላል። እንደ ቀይ ሥር ጭማቂ የቀላ ነው። ነርሷ በስሪንጅ ቀስ እያለች ትሰጠኝና «ሽንትሽ ቢቀላ እንዳትደነግጪ» ትለኛለች። ቤት ስገባ የቁሌት ሽታ ያጥወለውለኛል። ቡና እንኳ ጠላሁ። አብራኝ የምትኖረው ጓደኛዬ ለእኔ ብላ ጎረቤት ሄዳ ነበር የምትጠጣው። ይህን ውለታዋን አልረሳውም።

በየቀጠሮው ቴርሞሜትር የተሳለበት ወረቀት ይሰጡኛል። ከ0 እስከ 10፣ ምን ያህል ተጨንቀሻል ይላል። ሁልጊዜ 2 ላይ ምልክት አደርጋለሁ። እንዴት ነሽ ስባል «እግዚአብሔር ይመስገን» ማለት ነው የለመድኩት። ከፍ ያለ ቁጥር ማጉረምረም መሰለኝ።

በ3ኛው ሳምንት ጸጉሬ ትራሱ ላይ ቀረ። ተላጨሁ። እማዬ በቪዲዮ ስትደውል ሻሽ አስራለሁ። «ብርድ ነው» እላታለሁ። ውጭው ሙቀት ነው። እሷ ግን በደሴ ክረምት ጋቢ ደርባ ስለምትቀመጥ ታምነኝ ነበር።

ነሐሴ ላይ፣ አንድ እሑድ፣ እያወራን ሻሹ ሸርተት አለ።

ዝም አለች። ከዚያ «ማን ሞተ?» አለችኝ።

አባዬ ሲሞት እሷም ራሷን ተላጭታ ነበር። ወንድሜ ጅዳ ነው ያለው። «ልጄን ነው የደበቃችሁኝ! ልጄን ነው!» እያለች ደረቷን መምታት ጀመረች።

«ማንም አልሞተም እማዬ። እኔ ነኝ የታመምኩት።»

ፊቷን ወደ ስልኩ አስጠጋች። «እያየሁሽ ነው። አለሽልኝ» አለች። ከዚያ ሁለታችንም አለቀስን። ከታመምኩ ጀምሮ ሳለቅስ ያ የመጀመሪያዬ ነበር።

በቀጣዩ ቀጠሮ ወረቀቱ ላይ 9 አልኩ። የዚያኑ ቀን ሶሻል ወርከሯ፣ የታማሚን ጭንቀት የምታዳምጠው ባለሙያ፣ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ለካ ወረቀቱ ለዚህ ነው የተሠራው። እባካችሁ፣ ሲሰጧችሁ እውነቱን ጻፉ። ለእናት መንገር ግን እንደ እናቲቱ ነው። እኔ የማውቀው የእኔዋን ነው።

ቀጥሎ ፓክሊታክሴል የሚባል ሌላ የኬሞ መድኃኒት ነበር፣ 12 ሳምንት፣ ሐሙስ ሐሙስ። እዚህ ጠዋት 3 ሰዓት ሲሆን ደሴ ከቀኑ 10 ሰዓት ነው። ስልኩን ትራሴ ላይ አስደግፈዋለሁ። እሷ ረከቦቷ ፊት ትቀመጣለች። ብዙ አናወራም። ጣቶቼ ይደነዝዛሉ፣ እሷ ትቆላለች። ጭሱን በእጇ ወደ ስልኩ ትገፋና «ይሸትሻል?» ትለኛለች።

9ኛው ሳምንት ላይ ይመስለኛል፣ ቡና አማረኝ።