ከእናቴ ሲኒ ስኳርን ያወጣሁበት መንገድ፦ ስቴቪያ የሚያደርገውና የማያደርገው

ጅማ ውስጥ ሰውን «ቡና ተው» ማለት አይሞከርም። «ስኳሩን ተው» ማለትም ብዙ አይቀልም። እናቴ ዓይነት ሁለት የስኳር ሕመም እንዳለባት ሲነገራት መጀመሪያ የጠየቀችው ስለ ቡናዋ ነው። ሐኪሙ ቡናው ችግር እንደሌለው፣ የሚጨመርበት ስኳር ግን መቆም እንዳለበት ነገራት። እኔም ቤት ገብቼ ስሌት ጀመርኩ።

እናቴ ለአንድ ሲኒ ሁለት የሻይ ማንኪያ ስኳር ትጨምራለች። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ሲባል ስድስት ማንኪያ ሆነ። ጠዋትና ከሰዓት ስለሚፈላ አሥራ ሁለት። አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር 4 ግራም ያህል ነው። ስለዚህ በቡና ብቻ በቀን ወደ 48 ግራም ስኳር ይገባል፤ ሻዩን ሳንቆጥር። የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 (በፈረንጆቹ፤ ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታትም እንደዚያው) ያወጣው መመሪያ ጤነኛ ሰው እንኳ እንዲህ ያለውን ስኳር በቀን ከሚያገኘው ኃይል ከ10 በመቶ በታች እንዲያደርገው ይመክራል። ቢቻል ደግሞ ከ5 በመቶ በታች። አምስት በመቶ ማለት 25 ግራም ገደማ፣ ስድስት ማንኪያ ነው። የጠዋቱ ቡና ብቻውን ሞልቶታል ማለት ነው።

ወሬው ከተሰማ በኋላ ምክር አላጣንም። ከሁሉ የበዛው «ማር አድርጉበት፣ የጫካ ማር ምንም አይልም» የሚለው ነው። አገራችን የማር አገር ነው፤ እኔም ማር እወዳለሁ። ግን ማር ከመቶው ሰማንያ ያህሉ ስኳር ነው፤ ግሉኮስና ፍሩክቶስ። ደግሞም ከባድ ነው። አንድ የሻይ ማንኪያ ማር 7 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ከዚህ ውስጥ 6 ግራም የሚጠጋው ስኳር ነው። በማንኪያ ከለካነው ከነጩ ስኳር ይበልጣል። ይህን ለአክስቴ ሳስረዳት «አላህ የፈጠረው ነገር እንዴት ይጎዳል?» አለችኝ። እናቴም ልቧ ወደዚያው ነበር። ስኳር ራሱ ከሸንኮራ አገዳ እንደሚወጣ፣ አገዳም ተክል እንደሆነ ስነግራቸው ነው ነገሩ ትንሽ የገባቸው። ከተክል መምጣቱ ብቻውን ምንም አያረጋግጥም። ይህ ከተክል ቅጠል ለሚወጣው ማጣፈጫ ለስቴቪያም ይሠራል፤ እመለስበታለሁ።

ስቴቪያን የሰማሁት አዲስ አበባ ካለው ወንድሜ ነው። ሱፐርማርኬት ገዝቶ በመንገደኛ ላከልን። እናቴ አፍ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ግን ምን እንደሆነ ማወቅ ፈለግኩ፤ ስለዚህ አነበብኩ።

ተክሉ የፓራጓይ ነው። የጓራኒ ሕዝብ ማቴ የሚባለውን መጠጥ ሲያጣፍጥበት ለዘመናት ኖሯል። በ1899 ሞይሴስ ቤርቶኒ የተባለ የስዊዘርላንድ ተወላጅ የዕፅዋት ተመራማሪ ስለ ተክሉ ጻፈ። በ1931 ሁለት የፈረንሳይ ኬሚስቶች ጣፋጩን ንጥረ ነገር ለይተው አወጡት። ጃፓኖች ደግሞ ከ1970ዎቹ ጀምሮ ምግባቸውና መጠጣቸው ውስጥ በሰፊው ተጠቅመውበታል። የሚያጣፍጡት ስቴቪዮል ግላይኮሳይድ የሚባሉ ንጥረ ነገሮች ናቸው። ተጣርተው ሲወጡ ከስኳር ከ200 እስከ 300 እጥፍ ይጣፍጣሉ።

ለእኔ ዋናው ጥያቄ ሰውነት ውስጥ ሲገባ ምን ይሆናል የሚለው ነበር። ጨጓራና ቀጭኑ አንጀት አይፈጩትም። ትልቁ አንጀት ሲደርስ እዚያ ያሉት ባክቴሪያዎች ይሰባብሩትና ስቴቪዮል የሚባለው ክፍል ይቀራል። እሱ በጉበት በኩል አልፎ በሽንት ይወጣል። በመንገዱ ላይ የደም ስኳርን ከፍ የሚያደርግ ነገር የለም። የጥርስ ባክቴሪያዎችም ወደ አሲድ አይለውጡትም፤ ስለዚህ ጥርስ አይበላም።

ይህን ሁሉ አንብቤም ማየት ፈለግኩ። ቤት ውስጥ የስኳር መለኪያ ስላለን እናቴ አንድ ዓይነት ቁርስ እየበላች አንድ ቀን ቡናውን በስኳር፣ በሌላ ቀን በስቴቪያ ጠጣች። ከሁለት ሰዓት በኋላ ለካን። ልዩነቱ ቁልጭ ብሎ ታየ። ከዚያ ግን ሌላ ነገር መጣ። አንድ ጠዋት ነጭ ዳቦ በላችና ቡናውን በስቴቪያ ጠጣች። መለኪያው ወደ ላይ ወጣ። እናቴ «ታዲያ የታለ ጥቅሙ?» አለች። ይህችን ጥያቄዋን እወዳታለሁ፤ መልሷ ዋናው ትምህርት ስለሆነ። ስቴቪያ የሚያስቀረው ቡናው ላይ ይጨመር የነበረውን ስኳር ብቻ ነው። ዳቦውን አይነካውም። የደም ስኳር ቀናሽ መድኃኒት ነው ተብሎ ሲሸጥ ካየህ አትመነው። እናቴ ክኒኗን አንድ ቀን አላቋረጠችም። እኛም የዳቦውንና የእንጀራውን መጠን ለብቻው ማስተካከል ነበረብን። እሱ ከቡናው ይልቅ አድካሚ ሥራ ነው፤ እስካሁንም አላለቀም።

ጣዕሙን ልናገር። ስቴቪያ አፍ ላይ የሚቆይ ምሬት አለው። ስኳር የለመደ ሰው «አልጣፈጠም» ብሎ ሲጨምርበት ይብሱን ይመራል። ምላሳችን ላይ ያሉት የምሬት ተቀባዮችም ስለሚያውቁት ነው። ስለዚህ ቁልፉ ማነስ ነው፤ በማንኪያ ጫፍ። ቡና ላይ ከሻይ ይልቅ ይሻላል፤ የተቆላው ቡና የራሱ ምሬት ስላለው ይሸፍነዋል። ሻይ ላይ ቀረፋና ቅርንፉድ በርከት ሲል፣ ወይ ዝንጅብል ሲገባበት፣ ምሬቱ ይጠፋል ማለት ይቻላል። እናቴን ከመጀመሪያው ቀን ሙሉ በሙሉ አላዞርኳትም። መጀመሪያ ሁለቱን ማንኪያ ወደ አንድ አወረድን። ከዚያ ግማሽ ስኳር፣ ትንሽ ስቴቪያ። ቀስ በቀስ ስኳሩ ወጣ። በአንድ ጊዜ የቀየሩ ጎረቤቶቻችን በሳምንቱ ወደ ስኳራቸው ተመልሰዋል።

ሙቀት አያበላሸውም፤ ከጀበና የወጣ ትኩስ ቡና ላይ ብትጨምሪው ምንም አይሆንም። ለዳቦና ለኬክ ግን አይመችም። እርሾ አይበላውም፣ ቡናማ ቀለም አያመጣም፣ ኬክንም እንደ ስኳር መጠን አይሰጠውም።

አሁን ስለ ፓኬቱ። እዚህ ላይ ልመናዬ ነው፦ ፊት ለፊት የተሳለውን አረንጓዴ ቅጠል ትታችሁ ጀርባውን አንብቡ። ስቴቪያ በጣም ስለሚጣፍጥ ለአንድ ሲኒ የሚበቃው በጣት እንኳ አይያዝም። አምራቾች መጠኑን ለማብዛት ሌላ ነገር ይቀላቅሉበታል። አንዳንዱ ማልቶዴክስትሪን (ከስታርች የሚሠራ ዱቄት) ወይም ዴክስትሮዝ (ግሉኮስ ራሱ) ነው። ሁለቱም የደም ስኳር ከፍ ያደርጋሉ። በአንድ ከረጢት ውስጥ ያለው ጥቂት ነው፤ በቀን ብዙ ሲኒ ለሚጠጣ ሰው ግን ይደማመራል። ሌላው ኤሪትሪቶል የሚባለው ስኳር መሰል ማጣፈጫ ነው። ይህ የደም ስኳር አይጨምርም፤ በዛ ሲል ግን ሆድ ይነፋል። ከዚህ በላይ ደግሞ በ2023 የወጣ ጥናት ደማቸው ውስጥ ኤሪትሪቶል ከፍ ያለባቸው ሰዎች ላይ ድንገተኛ የልብ ሕመም (ሃርት አታክ) እና ስትሮክ በብዛት እንደታየ ጽፏል። ጥናቱ ግንኙነት እንጂ መንስኤ አላረጋገጠም። እናቴ ግን ግፊትም ስላለባት እኔ አልደፈርኩም። ወንድሜ አሁን የሚልከው ቅልቅል የሌለውን ጠብታ ነው። ውድ ይመስላል፤ ግን አንድ ጠርሙስ ረጅም ጊዜ ይቆያል።

ተክሉንም ግቢያችን ውስጥ ተከልኩት። በአገራችን የወንዶ ገነት ግብርና ምርምር ማዕከል በስቴቪያ ላይ ሠርቷል። እኔ ችግኝ ያገኘሁት ከአንድ ግብርና የተማረ ወዳጄ ነው። ዘሩ አስቸጋሪ ነው፤ አብዛኛው አይበቅልም። ከተክሉ ጫፍ ቆርጦ ቁራጩን መትከል ይሻላል። የጅማ ቀይ አፈር ለም ነው፤ ውኃ ግን ይይዛል፣ ዝናባችንም ረጅም ነው። ስቴቪያ እግሩ ውኃ ውስጥ ሲቆም ሥሩ ይበሰብሳል። አፈሩን ከአሸዋና ከኮምፖስት ጋር ቀላቅዬ ከፍ ያለ መደብ ላይ አስቀመጥኩት። ሌላው ነገር አበባው ነው። ስቴቪያ ቀን ሲያጥር የሚያብብ ተክል ነው። የእኛ ቀን ዓመቱን ሙሉ አሥራ ሁለት ሰዓት አካባቢ ስለሆነ ቶሎ ያብባል። ካበበ በኋላ የቅጠሉ ጣፋጭነት ይቀንሳል። እንቡጥ ሲታይ ወዲያው መቁረጥ ነው። ቅጠሉን ጥላ ውስጥ አድርቄ አደቅቀዋለሁ።

ይሁን እንጂ የግቢያችንን ቅጠል እናቴ አትጠቀምም። ምክንያቱን ልንገራችሁ። በ2008 የዓለም ጤና ድርጅትና የፋኦ (የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የግብርና ድርጅት) የጋራ የባለሙያዎች ኮሚቴ በቀን መብለጥ የሌለበትን መጠን ሲወስን ያየው 95 በመቶና ከዚያ በላይ የተጣራውን ነው። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤትም የሚቀበለው የተጣራውን እንጂ ጥሬ ቅጠሉን እንደ ማጣፈጫ አይደለም። ቅጠሉ መርዝ ነው ማለት አይደለም። የጓራኒ ሕዝብ ኖሮበታል። ግን በቂ ምርመራ አልተደረገበትም፤ ከቅጠል ቅጠልም ጥንካሬው ይለያያል። ክኒን ለሚወስድ ሰው መጠኑ የማይታወቅ ነገር አልሰጥም። እኔ ራሴ አልፎ አልፎ ሻይ ላይ ጣል አደርገዋለሁ።

የተወሰነው መጠን በቀን ለአንድ ኪሎ የሰውነት ክብደት 4 ሚሊግራም ነው፤ የሚቆጠረው በስቴቪዮል ነው። ለ60 ኪሎ ሰው ሲሰላ በጣፋጭነት ከሠላሳ ማንኪያ በላይ ስኳር ጋር ይስተካከላል። አዋቂ ሰው በቡና እዚያ አይደርስም። ትንሽ ልጅ ግን ክብደቱ ጥቂት ስለሆነ ጣፋጭ መጠጥና ብስኩት ሲደራረብበት ሊጠጋ ይችላል። ልጆቻችንን ውኃና ወተት ማስለመድ ይሻላል እላለሁ።

ጎረቤታችን እትዬ «ይሄ ነገር ያመክናል ይባላል» ብለው አስጠነቀቁኝ። ወሬው መነሻ አለው። በ1968 በአይጦች ላይ የተሠራ ጥናት የመራባት አቅም ቀነሰ ብሎ ነበር። ከዚያ በኋላ በተጣራው ላይ የተሠሩት ጥናቶች ግን ይህን አላገኙም። ይህን ስነግራቸው «እንደሱ ከሆነ ደህና» ብለው ሲኒያቸውን አነሱ።

ጥንቃቄ የሚፈልጉ ሰዎች ግን አሉ። ስቴቪያ ከኑግ፣ ከአደይ አበባና ከግራዋ ጋር አንድ ቤተሰብ ነው። ለዚህ ቤተሰብ አበቦች አለርጂ ያለበት ሰው ቀስ ብሎ ይሞክር። የደም ግፊት ክኒን የሚወስድ ደግሞ ለሐኪሙ ይንገር፤ ከፍ ባለ መጠን በተሰጠባቸው ሙከራዎች ግፊት ሲቀንስ ታይቷል። ሊቲየም የሚባለውን የአእምሮ ሕመም መድኃኒት የሚወስድም እንዲሁ ይጠይቅ።

ከሁሉ በላይ ልቤን የሚያስጨንቀኝ ግን ሌላ ነው። እናቴ ከሜትፎርሚን ጋር ግሊበንክላማይድ ትወስዳለች፤ ሁለቱም የስኳር ክኒኖች ናቸው። ግሊበንክላማይድ የደም ስኳርን ከሚገባው በታች ሊጥል ይችላል፤ በተለይ ምግብ ሲዘገይ። በረመዳን ስጋቱ ይጨምራል፤ መጾሟንም የክኒኑን ሰዓትም ከሐኪሟ ጋር ተነጋግረን ነው የምንወስነው። የክትትል ክፍሏ ሲስተር ስቴቪያ መጀመራችንን ስትሰማ «ስኳሩን ከቤት እንዳታጠፉት» አለችን። አንድ ቀን ከኢፍጣር በፊት እናቴ መንቀጥቀጥና ማላብ ጀመረች። ለካን፤ ወርዷል። ጾሟን አስፈታናት፣ ሦስት አራት ማንኪያ ስኳር ውኃ ውስጥ በጥብጠን ሰጠናት። ከ15 ደቂቃ በኋላ ድጋሚ ለካን፤ ተመለሰ። በዚያች ሰዓት ስቴቪያ ያለበት ሻይ ብንሰጣት ኖሮ አፏን እንጂ ደሟን አያጣፍጠውም ነበር። አሁን ስኳር በቢጫ ክዳን ዕቃ ተለይቶ መደርደሪያው ላይ ተቀምጧል። ትንንሾቹ የወንድሜ ልጆች እንኳ አያታቸው ከተንቀጠቀጠች የትኛውን ዕቃ እንደሚያነሱ ያውቃሉ።

በ2023 የዓለም ጤና ድርጅት ክብደት ለመቀነስ ብሎ እንዲህ ያሉ ማጣፈጫዎችን መጠቀም አይመከርም ብሏል፤ ስቴቪያም ተካትቷል። ምክሩ ቀድሞ የስኳር ሕመም ያለባቸውን አይመለከትም። እኔ ግን ለራሴ ወሰድኩት። እኔ የስኳር ሕመም የለብኝም፤ ስለዚህ ስኳሩን በስቴቪያ ከመተካት ጣፋጩን ራሱን እየቀነስኩ ነው። ጥሩ ቡና ሲሆን ያለ ምንም ይጠጣል፤ ጅማ ተቀምጬ ይህን ለማወቅ መዘግየቴ ይገርመኛል። እናቴም አቦሉን በጠብታ ትጠጣለች፣ ቶናው ላይ ምንም አትጨምርም።

ጎረቤቶች አሁን ቁራጭ ይጠይቁኛል። ያላበበውን ጫፍ መርጬ ከአንጓው ሥር እቆርጥና እሰጣቸዋለሁ። የታችኛውን ቅጠል አንሥተው እርጥብ አሸዋ ላይ ጥላ ውስጥ ይተክሉታል። ከመስጠቴ በፊት ግን ቤታቸው የስኳር ወይም የግፊት ክኒን የሚወስድ ሰው እንዳለ እጠይቃለሁ። ካለ፣ ቅጠሉን ለዚያ ሰው እንዳይሰጡትና በሚቀጥለው ቀጠሮ ሐኪሙን ስለተጣራው እንዲጠይቁ እነግራቸዋለሁ።