የጥምቀት ቀሚስና አንድ ሳህን ውኃ

ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ትንሽ የሐበሻ ልብስ መስፊያ ቤት አለኝ። ሁለት የስፌት ማሽን፣ አንድ የጥልፍ ማሽን፣ አንዲት ረዳት ልጅና እኔ። ከዓመቱ ገቢዬ ግማሽ ያህሉ የሚገባው ከኅዳር እስከ ጥር ነው። ምክንያቱን ለጎንደሬ ማስረዳት አያስፈልግም። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» የሚለውን ተረት እኛ ሰፊዎች እንደ ሥራ ፕሮግራም ነው የምንከተለው።

በመጀመሪያው ዓመት ማስታወቂያ ማለት ቅናሽ ይመስለኝ ነበር። በሩ ላይ «20 በመቶ ቅናሽ» የሚል ባነር ሰቀልኩ። ቴሌግራም ቻናል ከፈትኩ። ፎቶ እለጥፍና ከሥሩ «ዋጋ በውስጥ መስመር» እላለሁ። ለምን እንደዚያ እንደምል ራሴም አላውቅም፤ ሁሉም ሲል አይቼ ነው። ቀኑን ሙሉ «ስንት ነው?» ይሉኛል። እመልሳለሁ። ዝም ይላሉ። ያንን ሁሉ ስመልስ የምውልበት ጊዜ ሁለት ቀሚስ ያስጨርሰኝ ነበር።

ቅናሹ ግን ሰው አመጣ። ችግሩ ከአቅሜ በላይ ማምጣቱ ነው። የመጣውን ሁሉ «እሺ፣ ይደርሳል» አልኩ። ገና ሲደርስ ደብተሬ ላይ 41 ቀሚስ ተመዝግቧል። ከዚያ መብራት መጥፋት ጀመረ። የእግር ማሽን ስፌቱን ይሰፋልኛል፤ ጥልፉ ግን ያለ መብራት አይሆንም። የከተራ ዕለት፣ ጥር 10 ጠዋት፣ ስድስት ቀሚስ አልደረሰም ነበር።

ከስድስቱ የአንዱ ባለቤት ሁለት ሰዓት ላይ መጣች። ቀሚሷ ማሽኑ ላይ ተዘርግቷል፤ ጥልፉ ደረቱን ጨርሶ ወገቡ ላይ ቆሟል። አየችው። አልጮኸችም። «ምነው እታለም፣ ቀደም ብለሽ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?» አለችና ቀብዷን እንኳ ሳትጠይቅ ወጣች። ከሰዓት ታቦታቱ ወደ ፋሲለደስ ጥምቀተ ባሕር ሲወርዱ ከሕዝቡ መሃል አየኋት። የድሮ ቀሚሷን ለብሳለች። ነጠላዬን ወደ ፊቴ ሳብ አድርጌ በሌላ በኩል ዞርኩ።

ይሄ ሳያንስ ጥር 13 ሌላ ደንበኛ ቀሚሷን በፌስታል ይዛ መጣች። ጥር 11 ጠዋት ውኃው ሲባረክ ካህናቱ ሕዝቡን ይረጫሉ፣ ወጣቱ ደግሞ ዘሎ ይገባል። ሳይረጥብ የሚመለስ የለም። የእሷ ቀሚስ ላይ ቀዩ ክር ቀለሙን ለቆ ነጩን መነን ከደረት እስከ ጉልበት ሮዝ አድርጎታል። ያንን ክር የገዛሁት ርካሽ ስለነበረ ነው። ርካሹን የፈለግኩት ደግሞ የቅናሹን ጉድለት ልሸፍን ብዬ ነው። ገንዘቧን መለስኩላት። ቀሚሱ እስከ ዛሬ ቤቴ አለ።

በዓመቱ መስቀል እንዳለፈ ደብተሩን አውጥቼ መደወል ጀመርኩ። መጀመሪያ የደወልኩት ለስድስቱ ነው። ይቅርታ ጠይቄ «ዘንድሮ የጥልፉን ዋጋ አልቀበልሽም» አልኳቸው። አራቱ ተመለሱ። ያቺ የከተራዋ ደንበኛዬ ሁለት እህቶቿን አስከትላ መጣች። ከዚያ ወዲህ ባነር አልሰቀልኩም።

ቀጥሎ ስሌት ሠራሁ። መብራት ካለ በቀን ሁለት ቀሚስ እጠልፋለሁ። እኔ ግን አንድ ብዬ ያዝኩ። ስለዚህ 35 ሲሞላ ወይም ታኅሣሥ 20 ሲደርስ ትእዛዝ እዘጋለሁ። በሩ ላይ «የቀረው 9 ቀሚስ ነው» ብዬ በማርከር ጻፍኩ። በማግስቱ 7፣ ከዚያ 4። ቁጥሩ እውነተኛ ነው፤ ደብተሩም ጠረጴዛው ላይ ክፍት ነው። ሁልጊዜ «ኧረ ገና ነው» እያለ የሚያልፈው የሰፈር ሰው ቁጥሩን ሲያይ ይገባል።

ክፍያውንም ለሁለት ከፈልኩት። ገና ታኅሣሥ 29 ነው፣ ጥምቀት ጥር 11። መሃሉ 12 ቀን ነው። በጉና ዶሮው ኪስ ካራገፉ በኋላ ለቀሚስ የሚተርፍ የለም። ስለዚህ ግማሹን ቀብድ ከኅዳር ደሞዝ፣ ቀሪውን ከታኅሣሥ ደሞዝ እቀበላለሁ። ኅዳር 15 የነቢያት ጾም ስለሚገባ የሥጋ ወጪ የለም፤ ኪስም ትንሽ ይተነፍሳል። ፎቶ ሥር ደግሞ ዋጋውን በግልጽ እጽፋለሁ፦ «4500 ብር፣ ጥልፉን ጨምሮ»። የሚጠይቀኝ ሰው ቀነሰ፤ የሚጠይቀው ግን ሊገዛ ነው የሚጠይቀው።

ከሁሉም የሠራልኝ ግን ውኃው ነው። አሁን ክሩን ከመጠቀሜ በፊት ሙቅ ውኃ ውስጥ አሳድረዋለሁ። ከለቀቀ አልጠልፍበትም። አንድ ቀን ረዳቴ «ይሄን ለምን አንቀርጸውም?» አለችኝ። ነጭ ሳህን ላይ ውኃ ሞላን። የተጠለፈ ቁራጭ ነከርኩ፣ ጨመቅኩ፣ ነጭ ጨርቅ ላይ ተጫንኩት፣ አነሳሁት። ጨርቁ ነጭ እንደሆነ ቀረ። ሙዚቃም ንግግርም የለውም፤ የጎረቤት ዶሮ ድምፅ ብቻ ይሰማል። ቲክቶክና ቴሌግራም ላይ ለቀቅነው። እንደዚያ የተቀባበሉት ፎቶ ኖሮኝ አያውቅም። ጥምቀት ላይ ቀሚሱ ያልለቀቀበት ሰው ጎንደር ውስጥ የለም መሰለኝ! ሳህኑ አሁን ጠረጴዛዬ ላይ ነው። የሚጠራጠር ራሱ ነክሮ ይሞክራል። አንድ ሽማግሌ ለልጃቸው ሊያሠሩ መጥተው ሦስቴ ነከሩት። «ጋሼ፣ እንዳይበርደው» ብላቸው ሳቁና ቀብድ ከፈሉ።

የማይሠራም ሞክሬያለሁ። ጥምቀት በ2012 በዩኔስኮ ሲመዘገብ «በቃ፣ ዓለም መጣልን» ብለን ነበር፤ ብዙም ሳይቆይ ኮሮና መጣ። ከዚያ ወዲህም መንገዱ ሰላም ካልሆነ እንግዳ የማይገባበት ዓመት አይቻለሁ። ስለዚህ ለእንግዳ ብዬ ብዙ አላከማችም። ጥር 7 እና 8 የሚገባ ሰው ልኬት የሚሰጥበት ጊዜ ስለሌለው 15 ነጠላና ጥቂት የሕፃናት ልብስ ብቻ አዘጋጃለሁ።

የተረፈውን ከበዓሉ ማግስት በግማሽ ዋጋ መሸጥም ስህተት ነበር። በሙሉ ዋጋ የገዛች ደንበኛ አይታኝ «እኛስ?» ስትለኝ መልስ አጣሁ። ጥር ደግሞ የሠርግ ወር ነው። ዐቢይ ጾም እስኪገባ ያው ቀሚስ ያለ ቅናሽ ይሸጣል።

አምና ታኅሣሥ 20 ማታ ደብተሩን ዘጋሁ። በማግስቱ ጠዋት የገዛ እህቴ «የቤት ልጅም ወረፋ አለው እንዴ?» እያለች ገባች። አልተቀበልኳትም። ያለፈውን ዓመት ቀሚሷን ለብሳ ወረደች። እናቴ እስከ ዛሬ ቡና ላይ ታነሣብኛለች።