ንቦቹና ውሃው

ሰሞኑን አንድ ነገር ሲያብሰለስለኝ ሰንብቷል። ከሰው ልብ ወለድ ገጸ ባሕርይ ተውሼ ስጽፍ፣ መሀል ላይ ከሌላ መጽሐፍ ወይም ከድሮ ታሪክ የሆነ ነገር ጣል አደርጋለሁ። ታዲያ እሱን ለአንባቢ ላብራራው ወይስ ልተወው? ሲያዩት ቀላል ጥያቄ ነው። ከአክስቴ ልጅ ጋር ግን ሊያኳርፈን ምንም አልቀረው።

ለማያውቅ ሰው፣ ይህ ዓይነቱ ጽሑፍ ፋን ፊክሽን ይባላል። አንባቢ የወደደው ታሪክ ሲያልቅበት ‹‹አላለቀም!›› ብሎ ራሱ ይቀጥለዋል። የሞተውን ያስነሳል፣ ያልተጋቡትን ያጋባል። ገንዘብ የለበትም፤ ፍቅር ብቻ ነው። ፈረንጆቹ ዘንድ የራሱ ወግ አለው። ከምዕራፉ በፊት ወይም በኋላ የጸሐፊው ማስታወሻ ይገባል። ‹‹ይቅርታ ዘገየሁ፣ ፈተና ላይ ነበርሁ›› የሚለውም፣ ‹‹ይህ አባባል ከእገሌ ግጥም የተወሰደ ነው›› የሚለውም እዚያው ነው የሚጻፈው።

የእኔው ‹‹ፍቅር እስከ መቃብር›› ላይ የተንጠለጠለ ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙትን መጽሐፍ ያላነበበ እንኳ፣ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ሰምቶታል። እናቴ አንድ ገጽ ሳትገልጥ ታሪኩን በቃሏ ትወጣዋለች። በመጽሐፉ በዛብህ ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል። እኔ ወደ ጎንደር አመጣሁት። ምን ላድርግ፣ ጎንደሬ ነኝ! ደግሞም ከመሬት ተነስቼ አይደለም። የድሮ ተማሪ ቅኔውን ጎጃም ተምሮ፣ ትርጓሜ ፍለጋ ወደ ጎንደር መሻገሩ የታወቀ ነው። እኔ ዘንድ በዛብህ አኩፋዳውን አንግቶ መጽሐፍ ቤት ይገባል። ምዕራፍ በጨረስሁ ቁጥር ለሚያውቁኝ ሰዎች በቴሌግራም እልካለሁ።

ጭቅጭቁን ያመጡት ንቦቹ ናቸው። በዛብህ ከአንድ ተማሪ ጋር ደብረ ብርሃን ሥላሴ ይገባል። ጣሪያው ላይ የተደረደሩትን የመላእክት ፊቶች አንጋጦ ሲያይ ይቆያል። ያኔ ተማሪው ‹‹ንቦቹ ባይደርሱ ኖሮ ይሄን አታየውም ነበር›› ይለዋል። እንዲህ ብዬ አለፍሁ። ጎንደር ላሉት አንባቢዎቼ ይህ ምናቸውም አይደል። በ1880 ዓ.ም. ደርቡሽ ከተማዋን ሲያቃጥል፣ አብያተ ክርስቲያናቱ አብረው ሲነዱ፣ ሥላሴ ተረፈ። ንብ ግር ብሎ ወጥቶ ወራሪውን አባረረው ይባላል። ልጆች ሆነን ስንሰማው ያደግን ነገር ነው። የአክስቴ ልጅ ግን ያደገችው ሐዋሳ ነው።

‹‹አንቺ፣ የምን ንብ ነው?›› ብላ ደወለችልኝ። ‹‹ያመለጠኝ ነገር አለ ብዬ ሁለት ምዕራፍ ወደ ኋላ ሄጄ አነበብኩ። ንብ የሚባል ነገር የለም!››

‹‹ብትጠይቂ ይነግሩሽ የለ።››

‹‹ይኸው እየጠየቅኩ አይደል? ግን ሁሉም ሰው ስልክሽ የለውም።››

እዚህ ላይ አፌን አስያዘችኝ። ከታች አንድ መስመር ብትጽፊ ምን ይጎድልብሻል አለች። እኔም የግርጌ ማስታወሻ ያለበት ፍቅር አይጥመኝም አልኋት። እሷ ደግሞ እንዲህ ዓይነቱ ነገር አንባቢን መናቅ ነው አለች፤ ‹‹የሚገባው ይግባው፣ ሌላው ገደል ይግባ›› ማለት ነው አለች። ጥርቅም አድርጋ ዘጋችው።

ሳስበው አደርሁ። እውነቷን ነው ልል አልሁና ውሃው ትዝ አለኝ።

ከንቦቹ ቀጥሎ ያለው ምዕራፍ ላይ በዛብህ አንዲት ወይዘሮ ቤት ያድራል። ማታ በበርበሬ የሚንቀለቀል ወጥ ታቀርብለታለች። እኩለ ሌሊት ላይ ጉሮሮው ደርቆ ይነሳል። በጨለማ እንስራውን ሲዳብስ ወይዘሮዋ ኩራዝ ይዛ ብቅ ትላለች። በዋንጫ ቀድታ ትሰጠውና ‹‹ጠጣ፣ ውሃ ነው። አንተ እንደሆንህ መሐላ የለብህ›› ትለዋለች። በቃ። ክብረ ነገሥትን የሚያውቅ ሰው እዚህ ጋ ፈገግ ይላል። ሰሎሞን ንግሥተ ሳባን የሚያስጠማ ምግብ አብልቶ፣ ከቤቴ ምንም ሳትጠይቂኝ አትውሰጂ ብሎ አማምሏት፣ ሌሊት ውሃ ስትጠጣ እንዴት እንደያዛት ያስታውሳል። እኔ ዘንድ ነገሩ ተገልብጧል፤ የተጠማው ወንዱ ነው፣ አጠጪዋ ሴቷ። የማያውቅ ሰውስ? እሱም የሚያየው አያጣም። ሌሊት ነው፣ የተጠማ ጎልማሳ አለ፣ ኩራዝ የያዘች ሴት አለች።

የአክስቴ ልጅ ታሪኩን አታስታውሰውም። ግን አልደወለችም። ‹‹ያቺ ሴትዮ ነገር አላት›› ብላ ብቻ ጻፈችልኝ። ገብቷታል ማለት ነው።

እንግዲህ የሁለቱ ልዩነት ይሄ ነው። የውሃው አረፍተ ነገር በራሱ እግር ይቆማል። የንቦቹ ግን ንቦቹን ካነሳሽበት ምንም የለውም፣ ባዶ ነው። አንባቢዋ ውበት አይደለም የቀረባት፤ ታሪኩ ራሱ ተቆርጦባታል።

ደግሞ በተውሶ ገጸ ባሕርይ የሚጽፍ ሰው ከሌላው ደራሲ የሚለይበት ነገር አለ። የእኔ አንባቢ አንድ መጽሐፍ አንብቦ ወይም ሰምቶ ነው የሚመጣው። በዛብህ ማን እንደሆነ፣ ሰብለ ወንጌል ማን እንደሆነች፣ ጉዱ ካሣ ለምን ‹‹ጉዱ›› እንደተባለ አልነግረውም። ብነግረውም ይታዘበኛል። ሁለተኛ መጽሐፍ ያመጣሁበት ግን እኔ ነኝ። እሱን አንብባችሁ ኑ አላልኋቸውም። ስለዚህ ወጪው የእኔ ነው።

ያም ሆኖ ማስታወሻ መደርደሩን አልወደውም። አንዳንዱ ማስታወሻ ለአንባቢ የተጻፈ አይደለም። ‹‹እዩኝ፣ አንብቤያለሁ›› ለማለት ነው። (ሳያብራሩ መደርደርም ያው እዩኝ እዩኝ ነው፣ እሱንም አውቃለሁ።) ቲ. ኤስ. ኤልየት የሚባለው ገጣሚ ረጅሙን ግጥሙን በ1922 እ.ኤ.አ. በመጽሐፍ ሲያወጣ ማስታወሻ አከለበት። በኋላ ራሱ እንደተናገረው፣ ግጥሙ ለመጽሐፍ ስላጠረ ገጽ መሙያ ነበር። ሰዉ ግን ማስታወሻውን ይዞ ምንጭ ማሳደድ ጀመረ። ሰውየው ኋላ ላይ በከንቱ አንከራተትኋቸው ብሎ ተጸጽቷል።

እዚህ ከተማ ሆኖ ስለ ማብራራት ማሰብ ደግሞ የሊቃውንቱን ወግ ሳያነሱ አይሆንም። ቅኔ ሲቀርብ መሀል ላይ ቆሞ የሚያብራራ የለም። የገባው ‹‹ይበል!›› ይላል። ያልገባው ዜማውን ይዞ ይሄዳል፣ ሲወጣ የሚያውቅ ሰው ፈልጎ ይጠይቃል። መጽሐፍ ቤት ስንገባ ግን ሥራው ሁሉ ማብራራት ነው። መምህሩ ንባቡን ያስነብባል፣ ይተረጉማል፣ ‹‹አንድም›› ይላል። አሁንም ‹‹አንድም››። ሐተታ ያመጣል፣ ታሪክ ይጨምራል። ጎንደር ሊቃውንቷ የላይ ቤትና የታች ቤት ተባብለው በዚሁ ትርጓሜ ሲከራከሩ የኖሩባት ናት። የታች ቤቱ ከ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መምህር ከኤስድሮስ ጋር ይነሳል።

ለአክስቴ ልጅ ይህን ብነግራት ‹‹ይኸው! ማብራራት ወጋችን ነው›› ትለኛለች። እኔ ግን ሌላ ነገር ነው የማየው። ዳዊት መዝሙሩን ሲዘምር ከሥሩ ማስታወሻ አላስቀመጠም። አንድምታው ከዘማሪው አልመጣም፤ ስንት ዘመን ቆይቶ ከአንባቢዎቹ መጣ።

ይህን በዓይኔ ያየሁት ውሃው ላይ ነው። አንድ አንባቢዬ፣ ባንክ ቤት የሚሠራ ዝምተኛ ልጅ፣ እንዲህ ብሎ ጻፈልኝ። ‹‹ሴትዮዋ መሐላ የለብህም ትለዋለች። እሱ ግን አለበት እኮ! እናቱ ለእግዚአብሔር ሰጥታዋለች፣ ስለት አለበት።›› ክው አልሁ። እውነት ነው። በመጽሐፉ የበዛብህ እናት ልጄ ከተረፈልኝ ላንተ ይሁን ብላ ተስላለታለች፣ የፍቅሩም መከራ የሚጀምረው ከዚያ ነው። እኔ ያን አረፍተ ነገር ስጽፍ ሳባን እንጂ ስለቱን ጭራሽ አላሰብሁትም። የእሱ ‹‹አንድም›› ከእኔው በለጠ። ከታች ‹‹ይህ ከክብረ ነገሥት የተወሰደ ነው›› ብዬ ጽፌ ቢሆን ኖሮስ? ልጁ ‹‹እሺ፣ ገባኝ›› ብሎ ያልፍ ነበር። መልሱን የሰጡት ሰው ምን ብሎ ይፈልጋል?

ለንቦቹ መላው እዚያው ታሪኩ ውስጥ ተገኘ። በዛብህ እኮ ጎጃሜ ነው፣ ለከተማው እንግዳ ነው። የአክስቴ ልጅ ያልገባት ነገር ለእሱስ በምን ይገባዋል? ስለዚህ ጥያቄዋን ለእሱ ሰጠሁት። አሁን ምዕራፉ እንዲህ ይላል፦

‹‹የምን ንብ?›› አለ በዛብህ።

‹‹እንግዳ ነህ ለካ! ደርቡሽ በዚህ በር ሊገባ ሲል ነዋ። ንቡ ግር ብሎ ወጥቶ መግቢያ መውጫ አሳጣው። አያቴ እዚያ ማዶ ተደብቆ አይቻለሁ ይላል። እንጃ፣ አያቴ ያላየው ነገር የለም።››

የሐዋሳዋ ንቡን አገኘች። ታሪኩን ከእኔ በላይ የሚያውቁት የጎንደር አንባቢዎቼ ደግሞ ያልነበረ አያት አገኙ። አንዷ እንዲያውም ‹‹ይሄን አያት መልሰሽ አምጭልን›› ብላኛለች። ማስታወሻ ብጽፍ ኖሮ እኝህ ሽማግሌ ባልተወለዱ። ባላገኝ መላ ግን፣ ከምዕራፉ በኋላ አጠር አድርጌ እጽፈው ነበር፣ አልዋሽም። ከፊት ግን በጭራሽ። ቀልዱን አስቀድሞ አስረድቶ ቀልድ የሚነግር ሰው ማን ይወዳል?

የቀጣዩ ምዕራፍ ነገር ትንሽ ያስቸግራል። በዛብህ ለወይዘሮዋ ጉባኤ ቃና ይቀኝላታል። ሁለት ቤት ብቻ ናት። እኔ ከቅኔ ጋር አንተዋወቅም፣ የተቀኙልኝ ድሮ ቅኔ ቤት የዋሉ አጎቴ ናቸው። ‹‹ፍቺውን ከሥሩ ልጻፈው ወይ?›› ብዬ ብጠይቃቸው፣ ‹‹ሴትዮዋ ግእዝ ታውቃለች?›› አሉኝ። አታውቅም። ‹‹ታዲያ ለማን ልትፈችው ነው?›› አሉና ወደ ቡናቸው ዞሩ።

ስለዚህ በግእዙ ትሄዳለች። ወይዘሮዋ ትሰማዋለች፣ ድምፁ ደስ ይላታል፣ ምን እንዳላት ግን አታውቅም። መወደሷ ይሁን መሰደቧ ሳይለይላት ታድራለች። አንባቢም ከእሷ ጋር ያድራል። ጠዋት ወንዝ ስትወርድ አንድ ቆሎ ተማሪ ታገኝና ትጠይቀዋለች። እሱም እንደ ዕድሜው ግማሹን ብቻ ይነግራታል።

የአክስቴ ልጅ ይህን ሰምታ ከአሁኑ ‹‹ፍቺውን በውስጥ ላኪልኝ›› ማለት ጀምራለች። መጀመሪያ ምዕራፉን ታንብብና እናያለን።