«ድኛለሁ» ማለት ለሚያስፈራው፦ ስድስት ምሽት ከአንደኛ ዮሐንስ ጋር

ድሬዳዋ ላይ አዲስ አማኝ «ድነሃል?» ተብሎ ሲጠየቅ አብዛኛውን ጊዜ የሚመልሰው «አቦ፣ እሱ ያውቃል» ብሎ ነው። ይህ አለማመን አይደለም። እዚህ ከተማ «ነገ እንገናኝ» እንኳ ያለ «እሱ ካለ» ወይም ያለ «ኢንሻአላህ» አይባልም፤ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አፉን የፈታው በዚህ ነው። እንዲህ ላደገ ጆሮ «ድኛለሁ» ማለት እብሪት ይመስላል። የአዲስ አማኞች ትምህርት ሳስተምር ይህን ትሕትና አልንቅም፤ «እምነት የለህም ማለት ነው» ካልኩት ሰውየው እዚያው ይዘጋብኛል። ይልቅ «ከዚራ ሰፈር ሻይ ጠጥተህ ልትከፍል ስትነሳ አስተናጋጁ ‹ተከፍሏል› ቢልህ ምን ትላለህ?» ብዬ እጠይቀዋለሁ። «እሱ ያውቃል» አይልም፤ «ማነው የከፈለው?» ይላል። ዓይኑ ከራሱ ኪስ ወደ ከፋዩ ዞረ ማለት ነው። ስድስቱን ምሽት ሙሉ የምንደክመው ለዚህች መዞር ነው።

የምንቀመጠው በሳምንት አንድ ቀን፣ ማታ ከ12 ሰዓት ተኩል በኋላ፣ ለ50 ደቂቃ ነው። ከሰዓት በኋላ ሞክሬ ተውኩት፤ በግንቦትና በሰኔ 9 ሰዓት ላይ፣ ሳቢያን ሰፈር ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር የተቀመጠ ሰው የሚያየው ሮሜ 8ን ሳይሆን ቬንትሌተሩን ነው። ከአራት ሰው በላይ አልይዝም። አራት ካለፈ ሁለቱ ይናገራሉ፣ ሌላው ራሱን ይነቀንቃል፤ በውስጡ የሚፈራው ደግሞ ሁልጊዜ ነቅናቂው ነው። ሁላችንም የምናነበው ከ1954ቱ የመጽሐፍ ቅዱስ ትርጉም ነው፤ እያንዳንዱ በስልኩ የየራሱን ትርጉም ከከፈተ ምሽቱ ቃላት በማነጻጸር ያልቃል። አዲሱን መደበኛ ትርጉም እኔ ጋ አስቀምጬ ዓረፍተ ነገር ሲከብድ ብቻ አነብላቸዋለሁ። ከዚያ ለእያንዳንዱ ባለ 32 ገጽ ደብተር እሰጣለሁ። ገጹን በማስመሪያ ከላይ እስከ ታች ለሁለት ይከፍሉታል፤ በግራ «ቃሉ»፣ በቀኝ «ልቤ» ብለው ይጽፋሉ።

የመጀመሪያው ምሽት ንባብ ብቻ ነው። አንደኛ ዮሐንስ 5 ምዕራፍ፣ 105 ቁጥር ነው፤ እየተፈራረቁ ጮክ ብለው ቢያነቡት 20 ደቂቃ ያህል ይወስዳል። «እናውቃለን» የሚል ቃል ባገኙ ቁጥር በእርሳስ ያሰምራሉ። በመጨረሻ ወደ 5፥13 እንመለሳለን፦ «የዘላለም ሕይወት እንዳላችሁ ታውቁ ዘንድ በእግዚአብሔር ልጅ ስም ለምታምኑ ይህን ጽፌላችኋለሁ»። እዚህ ላይ ሁለት ነገር አሳያለሁ። ሐዋርያው «ትገምቱ ዘንድ» አላለም፤ ስለዚህ ማወቅ የተፈቀደ ነገር ነው። የጻፈው ደግሞ ለሚያምኑ ሰዎች ነው። ማመን ባለበት ማወቅ ሊጎድል ባይችል ኖሮ ደብዳቤው አያስፈልግም ነበር። ይህቺ ሁለተኛዋ ነጥብ ብዙ ሰው ታሳርፋለች፤ ጥርጣሬው ራሱ አለመዳኑን ያረጋገጠበት የሚመስለው ሰው ብዙ ነውና።

በዚሁ ምሽት የሚፈጠረውን ችግር አስቀድሜ ስለማውቀው እዘጋጅለታለሁ። 3፥9 ላይ ሲደርሱ «ከእግዚአብሔር የተወለደ ሁሉ ኃጢአትን አያደርግም» የሚለው ይመጣል፣ ክፍሉም ጸጥ ይላል። በግሪኩ ግሱ የሚቀጥልን ድርጊት ሊያመለክት ይችላል፤ ብዙ ተርጓሚዎች «በኃጢአት እየተመላለሰ አይኖርም» ብለው የሚረዱት ለዚህ ነው። እኔ ግን ግሪክ ለማያነብ ሰው በግሪክ ላይ መደገፍን አልወድም፤ የተሰጠውን መልስ ራሱ ሊያረጋግጠው አይችልም። እዚያው ደብዳቤ ውስጥ ወደ 1፥8 እመልሰዋለሁ፦ «ኃጢአት የለብንም ብንል ራሳችንን እናስታለን»። ቀጥሎ 2፥1፦ «ማንም ኃጢአትን ቢያደርግ ከአብ ዘንድ ጠበቃ አለን»። ሦስቱንም የጻፈው አንድ እጅ ነው። ጠበቃ ያስፈለገው ደግሞ ክስ ላለበት ሰው ነው።

ሁለተኛው ምሽት ከሁሉ የምዘገይበት ነው፤ 50 ደቂቃው በአንድ ቁጥር ላይ ያልቃል። ዮሐንስ 5፥24 ላይ ቃሉን ሰምቶ የላከውን ለሚያምን ሰው ሦስት ግሶች ተቀምጠዋል፦ የዘላለም ሕይወት «አለው»፣ ወደ ፍርድ «አይመጣም»፣ ከሞት ወደ ሕይወት «ተሻገረ»። አንዱ የአሁን፣ አንዱ የወደፊት፣ አንዱ ያለፈ። በግራው ዓምድ ሦስቱን ለየብቻ እንዲጽፉ አደርጋለሁ። ከዚያ በቀኙ በእያንዳንዱ ግስ ትይዩ ልባቸው የሚለውን እንዳለ ይጽፋሉ፤ ማሳመር አይፈቀድም። ከ«አለው» ትይዩ «ትናንት ከባለቤቴ ጋር ተጣላሁ፣ ያለኝ አይመስለኝም» የሚል ዓይነት ነገር ይወጣል። ከ«አይመጣም» ትይዩ የድሮ በደል፣ ከ«ተሻገረ» ትይዩ ደግሞ «መቼ እንደሆነ ቀኑን አላውቀውም»።

የቀኙን ዓምድ አልከራከርም። የምጠይቀው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ «በግራ በኩል የተናገረው ማነው? በቀኝስ?» ልብ እንደሚከስ ዮሐንስም ያውቃል፤ አንደኛ ዮሐንስ 3፥20 ላይ ልባችን ቢፈርድብን እግዚአብሔር ከልባችን ይልቅ ታላቅ ነው ይላል። ልብህ ዋሸ አላለም። ከሱ በላይ ዳኛ አለ ነው ያለው።

ቀኑን ስለማያውቀው ሰው እዚህ ላይ ልበል፤ ኮንፈረንስ በመጣ ቁጥር እጁን እያነሳ የንስሐ ጸሎቱን የሚደግመው ብዙ ጊዜ እሱ ነው። አምስተኛ ጊዜ ቢጸልየውም አያርፍም፤ የሚፈልገው «የያኔው ጸሎቴ ከልቤ ነበር ወይ?» ለሚለው መልስ ነው፣ የዛሬ ሦስት ዓመት የነበረን ልብ ደግሞ ማንም ገብቶ ሊያየው አይችልም። ስለዚህ «ያኔ አምነህ ነበር?» ማለቱን ትቼ «አሁን የምትታመነው በማን ነው?» እለዋለሁ። የ5፥24 «የሚያምን» የአሁን ነው። ልደቱ የተመዘገበበትን ቀን የማያውቅ ሰው በሕይወት መኖሩን የሚያውቀው ስለሚተነፍስ ነው፤ በኛ አገር ይህን ማስረዳት አይከብድም።

በኤፌሶን 2፥8-10 ብዙ አልቆይም። «ከሥራ አይደለም» የሚለው ቁጥር 9 ላይ፣ «መልካሙን ሥራ ለማድረግ» ቁጥር 10 ላይ ነው፤ ቅደም ተከተሉን በጣታቸው ካሳዩኝ ይበቃል።

ስለ መንፈስ ቅዱስ ምስክርነት ስናጠና የሚበላሸው ሁልጊዜ አንድ ቦታ ነው። ሮሜ 8፥16 መንፈስ ራሱ ከመንፈሳችን ጋር የእግዚአብሔር ልጆች መሆናችንን ይመሰክራል ሲል፣ ሰው ወዲያው ባለፈው እሑድ ያለቀሰውን ልቅሶ፣ የሰውነቱን መንቀጥቀጥ ወይም በልሳን መጸለዩን ያስባል። እነዚህን አላጣጥልም። ግን ከፍ ብለን ቁጥር 15ን ካነበብን ምስክርነቱ የሚሰማው «አባ አባት» ብሎ በመጮኽ ውስጥ ነው፤ ልጅ ደግሞ «አባዬ» ብሎ የሚጮኸው ብዙውን ጊዜ ሲፈራ ነው። በጭንቁ ሰዓት እግሩ ወደ አብ የሮጠ ሰው፣ ስሜቱ ደርቆ ቢያገኘውም፣ ምስክሩ በውስጡ አለ። የደቻቱን ወንዝ በበጋ ያየ ሰው አሸዋ ብቻ ነው ይላል፤ ከተማዋ የምትጠጣው ግን ከጉድጓድ፣ ከመሬት ሥር ነው።

የሜቶዲስት ንቅናቄ መሥራች ጆን ዌስሊ በ1738 እ.ኤ.አ. ልቡ እንደ ሞቀ የጻፈ ሰው ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት እርግጠኝነት የሌለውን ሰው እንደ አማኝ ለመቁጠር ይከብደው ነበር፤ ከጊዜ በኋላ ይህን አስተምህሮውን ራሱ አለዝቦታል። የፕሬስቢቴሪያን አብያተ ክርስቲያናት የሚቀበሉት የ1646 እ.ኤ.አ. የዌስትሚንስተር የእምነት መግለጫም በ18ኛው ምዕራፉ እውነተኛ አማኝ ይህን እርግጠኝነት ሳያገኝ ረጅም ጊዜ ሊጠብቅና ከብዙ ችግር ጋር ሊታገል እንደሚችል ይናገራል። ሁለቱ በብዙ ነገር አይስማሙም፤ እዚህ ላይ ግን ለሚቸኩል አስተማሪ ልጓም ናቸው። በስድስት ሳምንት ያልያዘውን ሰው «አላመነም» ብዬ እንዳልፈርድ ያደርጉኛል።

ፍሬውን የማነሳው አምስተኛው ምሽት ላይ ነው፤ ከዚያ በፊት አላነሳውም። መጀመሪያ ላይ ከፍሬ እየጀመርኩ አስተምር ነበር፤ «ወንድምህን ትወዳለህ? ትእዛዙን ትጠብቃለህ?» እያልኩ። ውጤቱ ሁለት ዓይነት ሰው ነበር፦ ጥንቁቁ ይሰበራል፣ ደፋሩ ይኮራል። ሁለቱም የሚያዩት ራሳቸውን ነበር። ተስፋው ቀድሞ ከተያዘ ግን ፍሬ ምስክር ይሆናል፣ መሠረት መሆኑ ይቀራል። ያን ጊዜም ጥያቄው የሚጨበጥ መሆን አለበት። «ትወዳለህ?» ለሚለው ሁሉም «አዎ» ይላል። አንደኛ ዮሐንስ 3፥17 የዚህ ዓለም ገንዘብ ኖሮት የተቸገረ ወንድሙን አይቶ የማይራራውን ያነሳል፤ ስለዚህ «ባለፈው ወር ለማን፣ ስንት ብር?» እላለሁ።

ሁሉም ሰው መጽናናት አያስፈልገውም። ቀፊራ ገበያ ሚዛን እየቀሸበ፣ «ጸጋ ነው» እያለ የሚሄድ ሰው ቢመጣ ዮሐንስ 5፥24ን ለማስታገሻ አልሰጠውም። ለሱ የሚነበበው አንደኛ ዮሐንስ 2፥4 ነው፤ አውቄዋለሁ እያለ ትእዛዙን የማይጠብቅ ሐሰተኛ ነው ይላል። መለያዬ ይህ ነው፦ ኃጢአቱን የሚጠላና የሚወድቅ ሰው ጠበቃውን ይስማ፤ ኃጢአቱን የሚከላከል ሰው ማስጠንቀቂያውን ይስማ። መድኃኒቱ ከተቀያየረ ሁለቱም ይታመማሉ። ሌላም አለ፦ አንዱን ኃጢአት በቀን ሃያ ጊዜ እየተናዘዘ እንቅልፍ ያጣ፣ መብላት ያቆመ ሰው ሲገጥመኝ ጥናቱን አሳጥሬ ሐኪም ዘንድ አብሬው እሄዳለሁ። ይህን መንፈሳዊ ድክመት ብሎ መጥራት ጉዳት ነው።

ዕብራውያን 6፥4-6ን፣ የካዱትን እንደገና ለንስሐ ማደስ አይቻልም የሚለውን፣ ሳልጠየቅ አላነሳም፤ ግን ሳይጠየቅ የቀረበት ጊዜ የለም። አብያተ ክርስቲያናት እዚህ ላይ ይለያያሉ፤ አንዳንዱ እውነተኛ አማኝ እስከ መጨረሻ ይጠበቃል ይላል፣ ሌላው በእምነት ካልጸና ሊወድቅ ይችላል ይላል። ይህን ልዩነት አልሸፍንም፣ ለአዲስ አማኝም አላከራክርም። ብዙ ሰው ቁጥር 8 ላይ ስለሚያቆም ቁጥር 9ን አስነብባለሁ፤ ጸሐፊው ስለ እነርሱ የሚሻለውን፣ ለመዳን የሚሆነውን እንደተረዳ ይናገራል። ሁለቱም ወገን ደግሞ ዮሐንስ 6፥37ን አንድ ሆኖ ያነባል፦ ወደ እርሱ የሚመጣውን ከቶ ወደ ውጭ አያወጣውም። «ምናልባት አልፎብኛል» ብሎ የሚፈራ ሰው ዛሬ ወደ ክርስቶስ መምጣት የሚፈልግ ከሆነ፣ የሚመለከተው ይህ ቁጥር ነው።

ማደግ ሲባል ሰው ወዲያው ዝርዝር ይጠብቃል፤ 2ኛ ጴጥሮስ 1፥5-7 ደግሞ ዝርዝር አለው፣ በእምነት ላይ የሚጨመሩ ሰባት ነገሮች። እኔ ግን ከቁጥር 3 እጀምራለሁ፤ ለሕይወት የሚያስፈልገው ሁሉ አስቀድሞ እንደተሰጠ የሚለው እዚያ ነው። ከዚያ ዘልዬ ወደ ቁጥር 9። እነዚህ የሌሉት ሰው ምን ሆነ? «አልጣረም» አይልም፤ የቀደመው ኃጢአቱ መንጻቱን ረስቷል ይላል። ያላደገ ሰው የረሳ ሰው ነው። ስለዚህ ልምምዱ ሁሉ የማስታወስ ልምምድ ነው። የዮሐንስ ወንጌል 21 ምዕራፍ ነው፤ በቀን አንድ ምዕራፍ፣ ጠዋት ሙቀቱ ሳይነሳ፣ 21 ቀን። ከእያንዳንዱ ምዕራፍ ኢየሱስ ስለ ራሱ የተናገረውን ወይም ያደረገውን አንድ መስመር በግራው ዓምድ መጻፍ። የጌታ እራት በሚቀርብበት ቀን አለመቅረት፤ በተለይ ብቁ ያልሆኑ መስሎ በሚሰማቸው ሳምንት፣ ንስሐ ገብተው።

በብዛት የሚበላሸው ከውድቀት በኋላ ነው። ሰውየው ይወድቃል፣ ያፍራል፣ ከዚያ ራሱን ይቀጣል፦ ሁለት እሑድ ይቀራል፣ ሦስት ቀን ይጾማል፣ «ትንሽ ስነጻ እመለሳለሁ» ይላል። ጾሙ ክፍያ ሆነ ማለት ነው። አንደኛ ዮሐንስ 1፥9 ግን ብንናዘዝ ይቅር ሊለን የታመነና ጻድቅ ነው እንጂ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ አይልም። ሕጌ ቀላል ነው፦ የዛሬው ዛሬ ማታ፣ በስሙ ተጠርቶ፣ ሰው ከተበደለ ደግሞ ነገ ጠዋት ሄዶ። ጾም ከዚያ በኋላ፣ ከፈለገ።

በስድስተኛው ምሽት «እንግዲህ ድነሃል» ብዬ ማንንም አላሰናብትም፤ የኔ ቃል ላይ ከቆመ፣ እኔ ወደ ሌላ ከተማ ስዛወር ይወድቃል። ደብተሩን ከፍቶ የግራውን ዓምድ በራሱ አንደበት፣ በ«እኔ» ያነባል፦ «የዘላለም ሕይወት አለኝ። ወደ ፍርድ አልመጣም። ከሞት ወደ ሕይወት ተሻገርኩ።» አንዳንዱ ሦስተኛው ላይ ድምፁ ይቆረጣል፤ አንዳንዱ ሁለቱን ብቻ ያነባል፣ አስገድጄ አላስጨርሰውም። ከሦስት ወር በኋላ ያንኑ ገጽ አስከፍተዋለሁ። በቀኙ በኩል ከተጻፉት የትኞቹ ዛሬም እንዳሉ በእርሳስ ምልክት ያደርጋል፣ ከቀሩት ሥር አዲስ የመጣ ካለ ይጨምራል። የግራውን ግን አንነካውም።