ከስማቸው ይልቅ በማሽናቸው የከበሩ የዱሮ ሰዓቶች

በአገራችን ስለ ውድ የእጅ ሰዓት ወሬ ሲነሳ ቀድሞ የሚጠራው ሮሌክስ ነው። ታሪክ የሚወድ ሰው ካለ ደግሞ የጃንሆይ የወርቅ ፓቴክ ፊሊፕ ይነሳል፤ በ2017 ክሪስቲስ የተባለው አጫራች ድርጅት ጄኔቫ ላይ ሊሸጠው አዘጋጅቶ፣ የባለቤትነት ጥያቄ በመነሳቱ ከጨረታው ያወጣው ሰዓት ማለት ነው። (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ሁለቱም በደመወዝ ለሚኖር ሰው የሚታሰቡ አይደሉም። ነገር ግን በዚያው ዘመን በአሠራር ጥራታቸው ከታላላቆቹ የማያንሱ፣ ዛሬ ዋጋቸው ከተደከመባቸው ሥራ በታች የሆነ ሰዓቶች ተሠርተዋል፤ የማሰባሰብ ፍላጎት ላለው ሰው ልፋቱን የሚክሱት እነርሱ ናቸው ብዬ አምናለሁ። መመዘኛዬ አንድ ነው፤ ሠሪው ገንዘቡንና ድካሙን ያፈሰሰው ማሽኑ ላይ ነው ወይስ ፊቱ ላይ በተጻፈው ስም ላይ?

በዚህ ሚዛን መጀመሪያ የማስቀምጠው የኦሜጋን ኮንስቴሌሽን ነው። በ1952 ለገበያ የቀረበው ይህ አውቶማቲክ (በክንድ እንቅስቃሴ ራሱን የሚሞላ) ሰዓት በትክክለኛነቱ ተፈትኖ የክሮኖሜትር ማረጋገጫ ያገኘ ሲሆን፣ በጀርባው ላይ የከዋክብት መመልከቻ ሕንፃና ስምንት ኮከቦች ተቀርጸውበታል። ሰብሳቢዎች አብዝተው የሚወዱት ፊቱ በአሥራ ሁለት ማዕዘን ተከፍሎ ወደ ዳር ዘቅዘቅ የሚለውን፣ የተገለበጠ መጋገሪያ የሚመስለውን ዓይነት ነው። እንዲህ ያለውን አንድ ሰዓት ከመግዛቴ በፊት ለገጣፎ መንገድ ዳር በምትገኝ ጠባብ ሱቅ ለሚሠሩ አዛውንት ሰዓት ሠሪ አሳየኋቸው። ክዳኑን ፈትተው በአጉሊ መነጽራቸው ጥቂት ካዩ በኋላ፣ «ልጄ፣ ይሄን ማንም አልነካካውም፤ የብሎኖቹን ራስ እየው» አሉኝ። መነጽሩን ተቀብዬ ሳይ ማሽኑ መዳብ የመሰለ ቀይ ቀለሙን እንደያዘ ነው፤ ከማሽኑ መለያ ቁጥር 561 አጠገብ፣ ዘንጎቹ የሚዞሩባቸው ሃያ አራት የድንጋይ መቀመጫዎች እንዳሉትና በአምስት አቀማመጥ እንደተስተካከለ የሚገልጸው ጽሑፍ ጥርት ብሎ ይነበባል። መፍቻ የሚገባባቸው የብሎኖቹ ስንጥቆች ጠርዝ አንድም ቦታ አልተላጠም። «ጋሼ፣ ታዲያ ልግዛው?» ብላቸው፣ «ዘይት ብቻ ነው የሚፈልገው» ብለው ክዳኑን መለሱት። ከዚያ ወዲህ የትኛውንም ሰዓት ሳይ ከፊቱ ይልቅ ብሎኖቹን አስቀድማለሁ፤ ስንት ጥንቃቄ የጎደለው እጅ እንዳለፈበት ከእነርሱ በላይ የሚናገር የለም።

ውበትን ከማሽን ጋር ያጣመረውን ከጠየቃችሁኝ ግን መልሴ የዩኒቨርሳል ዤኔቭ ፖልራውተር ነው። የስካንዲኔቪያ አየር መንገድ በ1954 ከኮፐንሃገን ሎስ አንጀለስ በሰሜን ዋልታ በኩል መብረር ሲጀምር፣ ለዚሁ በረራ መታሰቢያ የሚሆነውን ሰዓት የነደፈው ገና 23 ዓመቱ የነበረው ዤራልድ ዤንታ ነው። ይኸው ሰው በ1972 ሮያል ኦክን፣ በ1976 ኖቲለስን የነደፈ ሲሆን፣ እነዚያ ዛሬ ባለሀብት የሚሻማባቸው ሰዓቶች ናቸው። የመጀመሪያ ዘመን ሥራው ግን ከእነርሱ ዋጋ ጋር ሊነጻጸር በማይችል ገንዘብ ይገኛል። ቀጥሎ የመጣው የፖልራውተር ማሽን ድንቅ ነው፤ ክንድ ሲንቀሳቀስ እየዞረ ሞላውን የሚጠመዝዘው ክብደት በሌሎች ሰዓቶች ከማሽኑ በላይ ሲቀመጥ፣ በዚህኛው ግን አነስ ተደርጎ ከማሽኑ አካል ጋር እኩል ተቀብሯል። በዚህ ምክንያት ሰዓቱ ስስ ሆኖ ከሸሚዝ እጅጌ ሥር ያለ ችግር ይገባል። ሌላው ሰዓት ሠሪ ብራይትሊንግ ዩኒቨርሳል ዤኔቭን በ2023 መግዛቱን ካስታወቀ ወዲህ ፈላጊው እየበዛ ስለሆነ፣ ሐሳቡ ያለው ሰው ባይዘገይ ይሻላል።

አይ ደብልዩ ሲ የተባለው የስዊስ ሰዓት ሠሪ አውቶማቲኮች ደግሞ የአልበርት ፔላቶን ሥራ ናቸው። የሻፍሃውዘኑ ፋብሪካ የቴክኒክ ኃላፊ የነበረው ፔላቶን፣ ከሮተሩ (ቅድም ካልነው ዟሪ ክብደት) ጋር የሚዞር ልብ መሳይ አካል በማሽኑ ውስጥ ያለን ዘንግ ወዲያና ወዲህ እንዲገፋው፣ በዘንጉ ላይ ያሉት ሁለት ጥፍሮችም እየተፈራረቁ ባለ ጥርሱን ዘዋሪ እንዲስቡት አደረገ፤ ሮተሩ ወደ የትኛውም አቅጣጫ ቢዞር ሞላው ይሞላል። ፋብሪካው ይህን ዘዴ አሻሽሎ እስካሁን ይጠቀምበታል። ስትገዙ ጥፍሮቹ አለመበላታቸውን አስፈትሹ። ኤተርና የተባለው ሰዓት ሠሪም ሊረሳ አይገባውም፤ በ1948 ሮተሩን በአምስት ጥቃቅን ኳሶች ላይ ያስቀመጠው እርሱ ነው፣ ዓርማው ላይ የሚታዩት አምስት ነጥቦችም እነርሱ ናቸው።

እንደገና የተቀባ ፊት ያለውን ሰዓት ርካሽ ቢሆንም አልገዛም። ፊደሎቹ ወፍራምና ወጣ ገባ ከሆኑ፣ የደቂቃ ሰረዞቹ ከሰዓት ምልክቶቹ ጋር ካልገጠሙ፣ ከታች መኖር የነበረበት የስዊስ ጽሑፍ ከጠፋ ተቀብቷል ማለት ነው። በጊዜ ብዛት ወየብ ያለ የራሱ ፊት ከአዲስ ቀለም ይበልጣል። ቀፎው ተሞርዶ ጠርዙ ከጠፋም የሚመልሰው የለም።

እኛ የምንኖርበት የከተማው ዳርቻ ደግሞ ለእነዚህ ሰዓቶች አይመችም። በጋውን የግንባታ መኪና የሚያስነሳው አቧራ በመሙያው በኩል ይገባል፤ ክረምቱን ማሸጊያ ጎማው የደረቀ ሰዓት መስታወቱ ከውስጥ ላብ ያወጣል፣ ያ እርጥበት ፊቱን ያበላሻል። ስለዚህ ጎማውን አስቀይራለሁ፣ ዝናብ ባለበት ቀን ባለ ባትሪ ሰዓት አስሬ እወጣለሁ። ከሻጭ ጋር ዋጋ ከመነጋገሬ በፊትም የማሽኑ ዕቃ ይገኝ እንደሆነ ሰዓት ሠሪውን እጠይቃለሁ። የኮንስቴሌሽን ማሽን ከሌሎች የኦሜጋ ሰዓቶች ጋር ብዙ ዕቃ ስለሚጋራ ከአሮጌ ማሽን ነቅሎ መተካት ይቻላል፤ ለፖልራውተር ግን ዕቃውን ከውጭ የሚያመጣ ሰው መጠበቅ ግድ ይላል።